ለልጅዎ መክሰስ

ባለፈው ሳምንት ለስኳሬ ክትትል ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ዶክተር የደም ውጤቴን አገላብጦ ካየ በኋላ ወረቀት ሳበና፣ "እማማ፣ ከእንግዲህ ምሳና እራቱን ቀነስ አድርገው በመሃል በመሃል መክሰስ ይልመዱ" እያለ ቃሏን ከላይ በትልቁ ጻፋት። ከሥሯ ደግሞ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሲገኝ ፍራፍሬ አለ፤ ብስኩትና ለስላሳ ክልክል ብሎ አሰመረበት። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳነበው ሳቅ አፈነኝ። ላቆመው ብል አልቆም አለኝ፣ እንባዬ መጣ። ልጁ ስኳሩ ጭንቅላቴ ላይ የወጣ መስሎት ነው መሰል ክው ብሎ፣ "ምነው እማማ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?" አለኝ። "ኧረ የለም የኔ ልጅ፣ ደህና አድርገህ ነው የጻፍከው። ብቻ አባቴ በሕይወት ኖሮ ይህቺን ወረቀት ቢያይ ዋስ ይዞልኝ ይመጣ ነበር" አልኩት። እሱም አብሮኝ ሳቀ፣ ግን ምኑም አልገባውም።

አይፈረድበትም። ለሱ መክሰስ ማለት ከምሳ በፊት ወይም ከምሳ በኋላ አፍ ላይ ጣል የምትደረግ ነገር ናት፣ በቃ። እኔ ባደግሁበት ዘመንና አገር ግን ይህች ቃል ሁለት ፊት ነበራት። ስትጻፍም ስትነገርም አንድ ናት፤ በአንዱ ፊቷ ታበላለች፣ በሌላው ፍርድ ቤት ታቆማለች። ሰው ከነገሩ አካሄድ ለይቶ ያውቃታል። የማይለያት ሰው ያጋጠመ እንደሆነ ግን ምን እንደሚከተል እኔ ስድስተኛ ክፍል ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያኔ አምቦ በደብዳቤ ላይ ሐገረ ሕይወት ነበረች፤ በሰው አፍ ግን ያው አምቦ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ወደ ጉደር ይወርዳል። ወደ ፍል ውሃው የሚታጠፈው ጥግ ላይ አንድ የዐረብ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ከረሜላውን በትልልቅ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ቀዩን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ ደርድሮ፣ የጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ዓይን ያጥበረብር ነበር። በአምስት ሳንቲም አራት ይሰጣል፤ ደስ ካለው አምስት። ብስኩቱ በቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ክዳኑን ሲከፍተው የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ከሱቁ ማዶ ሴቶች መሬት ላይ ቁጭ ብለው የተቀቀለ በቆሎ፣ ሸንኮራ፣ የጉደር ብርቱካን ይሸጣሉ። የእንጭኒ ገብስ ገበያ ወጣ ከተባለ ቆሎ ሻጮቹ ይሻሙበታል፤ ፍሬው ሙሉ ነው፣ ሲቆላ ሽታው ከሁሉቃ ድልድይ ይጠራል። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሬዲዮ ተሰቅሎ፣ ዘፈን በመጣ ቁጥር የቆሎ ሻጮቹ እጅ ዘገም ይላል፣ ስፍሩም አብሮ ሞላ ይላል። እኛ ተማሪዎች ይህንን ስለምናውቅ ዘፈን ጠብቀን ነበር የምንገዛው።

ዛሬ በዚያው ጥግ ሳልፍ የሚጋፋኝ ባጃጅ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የሚወጡት ልጆች በላስቲክ የታሸገ ነገር ይዘው ያንኮሻኩሻሉ። አንድ ቀን አንዷ፣ "እማማ ይቅመሱ" ብላ ሰጠችኝ፤ ግማሹ ነፋስ ነው፣ ግማሹ ጨው። መልካም ልጅ ናትና አመስግኜ በላሁላት። ግን እውነቱን ልናገር፣ እኛ ከነሱ የተሻለ እንበላ ነበር። የሚያሳዝነው የተሻለ መብላታችንን አለማወቃችን ነው። በተለይ እኔ።

ስሜ ሎሚ ነው፤ የጭልሞ ልጅ ነኝ፣ ከጊንጪ በላይ ጫካው አፋፍ ላይ ካለች መንደር። በኛ በኩል ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ስለማያልፍ አባቴ ኦቦ ፈይሳ አምቦ አምጥቶ እትዬ አበበች ከሚባሉ ሴት ቤት አስቀመጠኝ። እትዬ አበበች አያታቸው ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የጓሮ ክፍላቸውን ለተማሪ የሚያከራዩ ሴት ነበሩ። ምሳና እራቴ ከሳቸው ጋር ነው። ለጠዋትና ለመክሰስ የሚሆነኝ ግን ከቤት ይላክልኛል። በየአስራ አምስት ቀኑ ከጭልሞ ጣውላ የሚጭነው ኤንትሬ መኪና እትዬ አበበች ደጅ ላይ ጥሩንባውን ይነፋና ሹፌሩ አንድ ከረጢት ይወረውርልኛል። እናቴ በከረጢቱ ውስጥ የማትከተው ነገር አልነበረም፤ ገብስና ሽምብራ የተደባለቀበት ቆሎ፣ በሶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጩኮ፣ ያ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ ታሽቶ ሲቆርሱት እጅ ላይ የሚያበራው። ያንን አንድ ቁራሽ የበላ ልጅ እስከ ምሳ ዛፍ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ቢውል አይደክመውም።

ስለ አባቴም አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አባቴ ዘጠኝ ዓመት ተካስሷል። ድንበሩን ገፍቶ መሬቱን የወሰደበት አንድ ባለርስት ነበር፤ ከወረዳ እስከ አዲስ አበባ በእግር በመኪና ተመላልሶ በመጨረሻ አስመለሰ። መሬቱ ተመለሰ እንጂ አባቴ በሙሉ አልተመለሰም። ወረቀት ሲያይ ይደነግጣል። አማርኛ ይናገራል፣ ማንበብ ግን አይችልም፤ ከአማርኛ ቃላት ጥንቅቅ አድርጎ የሚያውቃቸው ክስ፣ ቀጠሮ፣ ዋስ፣ ይግባኝ ናቸው። እኔን ወደ ትምህርት የሰደደኝም ጎረቤት ሁሉ "ሴት ልጅ ከተማ ሰደድክ?" እያለ ሲያማው ጆሮውን ደፍኖ ነው።

እኔ ደግሞ ከተማ ገባሁና አፈርኩ። ክፍላችን ውስጥ ማርታ የምትባል የመንግሥት ጸሐፊ ልጅ ነበረች። ነጭ ሸራ ጫማ ታደርጋለች፣ እኔ ኮንጎ። በአራት ሰዓት ዕረፍት ላይ ማርማላታ የተቀባ ፉርኖ ዳቦ ከወረቀት ውስጥ ቀስ ብላ ታወጣለች። አንድ ቀን ከግንቡ ጥግ ቁጭ ብዬ ቆሎዬን ስበላ መጣችና ትንሽ አዳመጠችኝ፤ "እናንተ ስሙ፣ እንደ በቅሎ እኮ ነው የምትቆረጥመው!" አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከረጢቴ አልጋ ሥር ገባ። የምትላክልኝን ሳንቲም ዐረቡ ሱቅ ወስጄ ከረሜላ ማድረግ ጀመርኩ። ጠዋትም እንደ ከተማ ልጅ ሻይ ብቻ ጠጥቼ እወጣለሁ።

የባልትናና የጤና አጠባበቅ አስተማሪያችን ወይዘሪት ሙሉነሽ ይባላሉ፤ ከደሴ የመጡ፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ የሚያስሩ፣ ቀሚሳቸው ላይ አንዲት ሽብሽብ የማትገኝባቸው ሴት ነበሩ። የከረሜላ ጠላት ናቸው። "ከረሜላ ጭድ ላይ እንደተጫረ ክብሪት ነው፣ ቦግ ይልና አመድ ነው። ቆሎ ግን ፍም ነው፣ ቀስ እያለ ያሞቃል" ይሉናል። መክሰስ የጠገበ ሰው ጨዋታ ሳይሆን የሚሠራ ሰው ስንቅ መሆኑን፣ አንድ እፍኝ እንደሚበቃ፣ ቀስ ተብሎ መታኘክ እንዳለበት፣ በላዩ ውሃ መጠጣት እንደሚገባ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔም በኋላ ሸነን በምትባል ከተማ ባልትና ሳስተምር አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ደገምኩት። አሁን ሰባ ዓመት አልፎኝ ከጥርሶቼ የጎደሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የኔን እኩዮች ጠይቁ።

ወይዘሪት ሙሉነሽ በስፌት ሰዓት ከአቡጀዲ መዳፍ የምታክል ከረጢት አሰፉን። "ከነገ ጀምሮ ይህች ከረጢት ባዶ እንዳትመጣ" አሉ፤ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው እየዳበሱ ያስገቡናል። እዚህ ላይ ተቸገርኩ። ቆሎ ብይዝ ስበላ ይሰማል፣ ጩኮ ብይዝ ይሸታል። ስለዚህ ምን አደረግሁ? የባሕር ዛፍ ፍሬ ለቅሜ ሞላሁበት። ሲዳበስ ቆሎ ነው። ሲንቀሳቀስም እንደ ቆሎ ይንኳኳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የባሕር ዛፍ ፍሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ አፌ ውስጥ ከረሜላ ይዤ ተማርኩ።

ከዚያ ገመድ ስዘል ወደቅሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ፀሐይ ነው አሉና ውሃ ረጩብኝ። በሳምንቱ ደገመኝ። ስነቃ ጭንቅላቴ ወይዘሪት ሙሉነሽ ጭን ላይ ነው፤ ከረጢቴን ፈትተው የባሕር ዛፉን ፍሬ መዳፋቸው ላይ ዘርግፈው ያዩታል።

"ሎሚ፣ ይህን ነው የምትበዪው?" አሉኝ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

እውነቱን እንዳልናገር ማርታ እዚያው ቆማለች። "ስንቅ የለኝም። ቤታችን ምንም የለም" አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ እንደዚህ ያለ ግን አልዋሸሁም። እናቴ በሌሊት ተነስታ የቆላችው ገብስ አልጋዬ ሥር በሦስት ከረጢት ተደርድሮ ተቀምጧል። ወይዘሪት ሙሉነሽ ግንባሬን ሳሙኝና ምንም ሳይነግሩኝ ለአባቴ ደብዳቤ ጻፉ፣ በጊንጪ ትምህርት ቤት በኩል ላኩት። ደብዳቤው በኋላ በእጄ ስለገባ እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፦

"ይድረስ ለኦቦ ፈይሳ። ልጅዎ ሎሚ ባለፉት ቀናት ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ስለሆነም ለልጅዎ መክሰስ አስፈላጊ መሆኑን ስለተረዳሁ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ይህንኑ አውቀው እንዲዘጋጁ በትሕትና አሳስባለሁ።"

አባቴ ደብዳቤውን በገበያ ቀን ተቀበለ። ቀጥሎ የሆነውን እድሜውን ሙሉ እየደጋገመ ስለነገረን እዚያ የነበርኩ ያህል አውቀዋለሁ። ጊንጪ ገበያ ዳር ግራር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ለሰው የሚጽፉና የሚያነቡ አቶ በላቸው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ክስና የክስ መልስ ከመጻፍ በቀር ሌላ ጽፈው አያውቁም። የአባቴንም የዘጠኝ ዓመት ክርክር የጻፉት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ኦቦ ፈይሳ፣ እስቲ ቁጭ በል" አሉት።

"ምን ይላል?"

"ልጅህ ትምህርቱን ወድቃለች። ያውም ሁለት ጊዜ።"

"እሺ። ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሊከሷት ነው።"

"ማንን? ሎሚን?" አባቴ ተነስቶ ቆመ። "ትምህርት የወደቀ ሰው ይከሰሳል እንዴ?"

"መንግሥት ያወጣበትን ነዋ የሚጠይቀው። ይኸው 'ለልጅዎ መክሰስ' ይላል። እርግጥ አማርኛው ተሳስቷል፤ 'ልጅዎን መክሰስ' ነው የሚባለው። እንዲህ እየጻፉ ነው ሰው የሚያስተምሩት!" አሉና አቶ በላቸው ቀይ እስክርቢቷቸውን አንስተው "ለ"ን ሰርዘው፣ "ን" ጨመሩባት። የተበላሸ የክስ ጽሑፍ አይተው ማለፍ አይችሉም ነበር። "ቀጠሮው ሰኞ ነው። ተዘጋጅ ይላል። ተዘጋጅ።"

አባቴ ተዘጋጀ። እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚያውቅ ሰው ነው። ዋስ የሚሆነው ሰው ፈለገ፤ ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ እሺ አሉት። እናቴን ደግሞ ያለውን ቅቤ ሁሉ አንጥረሽ ጩኮ አሽልኝ አላት፤ ዳኛ ፊት ባዶ እጁን ቀርቦ አያውቅም። እናቴ እያለቀሰች አሸች። አንድ ነገር ደግሞ ቆርጦ ተነሳ። "ክሱን በሽምግልና እዘጋና ልጄን ይዤ እመለሳለሁ። ሎሚ ከዚህ ወዲያ አትማርም። እኔ ያየሁትን ፍርድ ቤት ልጄ አታየውም" አላት።

ሰኞ በአራት ሰዓት ዕረፍት ላይ ገመድ ሳዞር አባቴን በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ አየሁት። የፍርድ ቤት ጋቢውን ለብሷል፤ ያችን ጋቢ የሚለብሳት ችሎት ሲቀርብ ብቻ ነው። ኦቦ ቶላ ከኋላው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን እንደ ለቀስተኛ አጥቁረው። አባቴ ክዳን ያለው የእንጨት ቆሪ በሁለት እጁ አቅፏል። ገመዱ ከእጄ ወደቀ። ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ። ወይዘሪት ሙሉነሽ የጻፉለት አባቴ መሆኑን ወዲያው ገመቱ፣ ፊታቸው በራ፣ ወደሱ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ፣ ልጆቹም ተከተሉኝ።

"አካም ጅርቱ፣ ጊፍቲ" አለ አባቴ፣ ጎንበስ ብሎ።

"ደህና ነዎት ኦቦ ፈይሳ? ደብዳቤዬ ደረሰዎት? መክሰስ ይዘው መጡ?"

"ማሎ፣ እባክዎ እመቤቴ፣ መክሰሱ ይቅር" አለ አባቴ። "እኔ ለእርቅ ነው የመጣሁት።"

"ይቅር? እንዴት ይቅር ይላሉ? ልጅቷ እኮ ያለ መክሰስ አትሆንም!"

"ዋስ አለኝ። ኦቦ ቶላ ናቸው፣ ስድስት በሬ አላቸው። አይበቃም?"

"የምን ዋስ?"

"የመክሰስ ነዋ!"

ወይዘሪት ሙሉነሽ እሱንም ኦቦ ቶላንም አፈራርቀው አዩ። "ኦቦ ፈይሳ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ለመክሰስ እኮ ቆሎ ይበቃል።"

አባቴ ወደ ኦቦ ቶላ ዞር ብሎ በኦሮምኛ፣ "ቆሎ ብቻ ነው የሚጠይቁት፣ ጥሩ ዳኛ ናቸው" አለ። ከዚያ ኩራት ብሎ የቆሪውን ክዳን አነሳው። "እኔ ከቆሎ የሚሻል ነው ያመጣሁት።" የጩኮው ሽታ ግቢውን ሞላው። ወይዘሪት ሙሉነሽ እጃቸውን አጨበጨቡ። "እሰይ! ይኸው! መክሰስ ማለት ይህ ነው!"

"ይህ ነው ክሱ?" አለ አባቴ።

ደብዳቤው ከጋቢው ጫፍ ተፈትቶ ወጣ። ወይዘሪት ሙሉነሽ ቀዩን "ን" ባዩ ጊዜ መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፣ ቀጥሎ አፋቸውን ይዘው ግንቡን ተደገፉ። እንደዚያ ሲስቁ አይተናቸው አናውቅም። መክሰስ ምግብም ነው ብለው ሲያስረዱት፣ ኦቦ ቶላ መሬት ላይ ቁጭ ብለው "በላቸው! ምነው በላቸው!" እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። አባቴም ሳቀ። ከዚያ የዘጠኝ ዓመት ክርክር ወዲህ እንዲያ ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ልስቅ ስል፣ ወይዘሪት ሙሉነሽ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ግን ኦቦ ፈይሳ፣ ችግር ካለ ለምን አላኩብኝም? ልጅቷ ቤታችን ምንም የለም ስትለኝ አንጀቴ ነው የተላወሰው" አሉ።

የአባቴ ሳቅ ቀጥ አለ። አርጅቼ እንኳ ያንን ፊት ሳስበው ውስጤ ይቃጠላል። ድሃ መባል አይደለም የጎዳው። ከሱ ቤት የወጣች ልጅ ራበኝ ማለቷ ነው።

"ሎሚ" አለኝ። "ከረጢቶቹስ?"

"አሉ አባ። አልጋ ሥር ናቸው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ለምን?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማርታ ከጎኔ ናት፣ ሸራ ጫማዋ ይታየኛል። "አፈርኩበት" አልኩ።

አባቴ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ጋቢውን ገለጥ አደረገና ከወገቡ ላይ አንዲት ያረጀች የቆዳ ስልቻ ፈታ። መዳፉ ላይ ቆሎ አፈሰሰ። "ባለጋራዬ በቀጠሮ ቀን ምሳውን ሆቴል ይበላ ነበር" አለ፣ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማው። "ሥጋ በልቶ፣ ጠጅ ጠጥቶ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ችሎት ላይ ያንቀላፋል። እኔ ከዚህች አንድ እፍኝ ቆርጥሜ፣ ውሃ ጠጥቼ እቆማለሁ። ዳኛው በጠየቀኝ ሰዓት ሁሉ ዓይኔ ክፍት ነበር። ዘጠኝ ዓመት። መሬቱን ያስመለሰልኝ ይህ ነው። አንቺ ያፈርሽበትም ይህ ነው።"

መዳፉን እንደዘረጋ ወደኔ ጠጋ አለ። 

"እኔ ልወስድሽ ነበር የመጣሁት" አለኝ። "አሁንም መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። እዚሁ፣ በነዚህ ሁሉ ፊት ከበላሽ ተማሪ። ካፈርሽ ግን ዕቃሽን ያዢና እንሂድ። ባባቱ ቤት የሚያፈር ሰው ተምሮ ምን ይሆናል?"

በአንድ በኩል ቆሪው አለ፣ በሌላ በኩል የአባቴ መዳፍ። ጩኮው ለስላሳ ነው፤ ቢበሉት ማንም አይሰማም። ቶሎ ውጬ ልገላገል እችል ነበር። እጄን ወደ ጩኮው ሰደድኩ፣ መለስኩት፣ ከመዳፉ ላይ ቆሎውን አፈስኩ። እንዲሰማ ፈለግሁ። ማርታን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ቆረጠምኩ። ለራሴ ጆሮ የድንጋይ ወፍጮ መስሎ ነበር የሚሰማኝ። አንድ እፍኝ ቆሎ ቀስ ተብሎ ሲታኘክ ምን ያህል እንደሚረዝም ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ማንም አልሳቀም። ጨርሼ ዋጥኩ፤ ከዚያ ወዲህም በበላሁት ነገር፣ በመጣሁበት አገር፣ በአባቴ ስም አፍሬ አላውቅም።

አባቴ ጩኮውን ለልጆቹ አቀረበ። "ኛዳ፣ ኢጆሌ፣ ብሉ ልጆች" አለ፤ ቆሪው ወዲያው ባዶ ሆነ። ማርታም በላች፣ ደግማም ለመነች። እሱ ግን ከኔ ጋር ግንቡ ጥግ ቁጭ ብሎ ደብዳቤውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

"አንብቢልኝ" አለኝ። "በላቸው የጨመረውን ተይና አስተማሪሽ የጻፉትን።"

አነበብኩለት። መክሰስ ከሚለው ቃል ላይ ስደርስ ጣቱን አነሳ።

"ይህ ነው ምግቡ?"

"አዎ አባ። ምግብ ነው።"

ጣቱን ቃሏ ላይ አሳረፈ። "ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ጋቢዬን ፍለጋ እነሳ ነበር" አለ። "ለካ የሚያነብልኝ ሰው ነው የጠፋው።" ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረገው። "አማስ ዱቢሲ" አለኝ፣ ደግመሽ አንብቢ። ደገምኩለት። ሦስተኛ አስነበበኝ። በስድስት ሰዓት ጥሩንባው ሲነፋ እሱና ኦቦ ቶላ ሮጠው ተሳፈሩ፤ እኔ ቀረሁ።

በአስራ አምስተኛው ቀን ኤንትሬው እትዬ አበበች ደጅ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ከረጢቱን እንደ ወትሮው አልወረወረውም፣ ወርዶ በእጄ ሰጠኝ። "አባትሽ አደራ ብሏል፣ ውስጡ ወረቀት አለ" አለኝ። "እስቲ ጊንጪ በላቸው ያንብብልህ ስለው፣ አይ፣ የኔ ጸሐፊ አምቦ ናት አለኝ።" ከረጢቱን ፈትቼ እጄን ቆሎው ውስጥ ከተትኩ። አራት ላይ የታጠፈ፣ ማኅተም ያለበት፣ ጫፉን የጩኮ ቅቤ የነካው፣ ማንም ያልከፈተው፣ ለአባቴ የተላከ የመንግሥት ደብዳቤ ነበር። በሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ጭብጥ ቆሎ አፌ ውስጥ አደረግሁ፣ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና ከፈትኩት።